ከእኛ በረንዳ የታየው ብልጭታ

መነጽር ሠሪው ፀሐይን የሚያያት ጀርባውን ሰጥቷት ነው። ይህን ሲናገር ሰው ይስቃል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ትንሿን ቴሌስኮፕ በረንዳው ላይ ወደ ሰማይ ያቀናታል፤ ከበስተኋላዋ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ነጭ ወረቀት ያቆማል፤ ፀሐይዋም በመስተዋቶቹ አልፋ ወረቀቱ ላይ የሻይ ሰሃን አክላ ታርፋለች። እሱ ታዲያ ለእውነተኛዋ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቷ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ጠቃጠቆዎች በእርሳስ ይነድፋል። በቀጥታ ቀና ብሎ አይቷት አያውቅም። «የሰው ዓይን እያዳንኩ የራሴን አላቃጥልም» ይላል።

ሱቁ ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር ስለሆነ በምሳ ሰዓት ዘግቶ ደረጃውን ይወጣል፤ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ይነድፋል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። «የፀሐይ ወዳጆች» የሚባል ትንሽ ማኅበር አባል ነበር። ሊቀመንበሯ አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ በየወሩ የሚሰበሰቡትም በመድኃኒት ቤቷ ጓዳ ነው። ሌላው ነባር አባል አጭር ሞገድ ሲያዳምጥ የሚውል ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሁሉም «ሬዲዮ» ይሉታል። እሱን ደግሞ «ጋሽ መነጽር»። በስብሰባው ላይ ስሙ የሚነሣው አንድ ቃል ተከትሎት ነው፦ ትጉህ። ትጉህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ሌላ የሚመሰገንበት ላልተገኘለት ሰው የሚጣል ምርቃት ነው።

ምኞቱ አንዲት ነበረች፤ የፀሐይን ፍንዳታ በዓይኑ ማየት። በተራ ቴሌስኮፕና በወረቀት ፍንዳታ አይታይም። እጅግ ኃይለኛው ብቻ፣ ያውም በስንት ዘመን አንዴ፣ ጥቁሩ ነጥብ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ዕድሜ ልካቸውን ጠብቀው ሳያዩት የሚሞቱ አሉ። ከማኅበሩ ያየው አንድም ሰው አልነበረም።

አማቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከልጃቸው ቤት ሊያገግሙ የገቡት በዚያ ዓመት ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ሐኪሙ ፀሐይ ይሙቁ ስላለ ወንበራቸው በረንዳ ወጣ። በረንዳው ጠባብ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ቴሌስኮፕ፣ አማት። እሱ ወረቀቱን ሲያቆም እሳቸው ጥላ አጠላህብኝ ይላሉ፤ እሳቸው እግራቸውን ሲዘረጉ እሱ ማቆሚያውን ነኩብኝ ይላል። ደግነቱ ሁለቱም በልካቸው ቀልደኞች ነበሩ።

«ዛሬስ ያንተ ፀሐይ እንዴት አደረች?» ይሉታል።

«ፊቷ ጠቃጠቆ በጠቃጠቆ ሆኗል፣ እማማ።»

«እንግዲህ ከእኔ ብሳ እንዳታረጅ።»

አንድ አርብ ከፀሐይዋ መካከል ላይ ትልቅ፣ ቅርጹ እንደ ተቀደደ ኪስ የሆነ ጥቁር ነጥብ ቆሞ ነበር። መነጽር ሠሪው ሱቁን ለረዳቱ ትቶ ከሰዓት በኋላም ወጣ። መንደፍ እንደ ጀመረ ስልኩ ጠራ። አዲስ መነጽር የወሰደ ደንበኛ ነው፤ ደረጃ ስወርድ መሬቱ ይከዳኛል እያለ ይጮኻል። እሱም ወደ ሳሎን ገብቶ ማባበል ያዘ። ጥቂት ቆይቶ የአማቱ ድምፅ ከበረንዳ መጣ።

«ልጄ! ኧረ ና! ፀሐይህ አንድ ነገር አወጣች!»

በእጁ ቆይ የሚል ምልክት ሰጠ።

«ቶሎ በል እንጂ! ነጭ ነው! ሁለት ነው!»

ደንበኛው አልለቅ አለው። ሲጨርስና ሲወጣ ወረቀቱ ላይ ያቺው የምትታወቀው ፀሐይና ያው ኪስ የመሰለ ነጥብ ናቸው። ሌላ ምንም የለም።

«አለፈህ!» አሉት፤ ፊታቸው ቀልቷል። «እዚህ፣ ከትልቁ ጥቁር አጠገብ፣ ሁለት ፍሬ ሩዝ የመሰለ ነገር። ከፀሐይዋም ይልቅ የነጣ። ፀሐይዋ ከወረቀቱ ልትወጣ ስትል እንደ አንተ በጣቴ ገፋ አድርጌ መለስኳት። ከዚያ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ…»

እሱ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቴሌስኮፑን ነኩት?»

«በጣት ጫፍ።»

«እማማ፣ ስንቴ ነው የምለምንዎት? ይሄ የልብስ መቆንጠጫ አይደለም እኮ!»

«ያየሁትን ልንገርህ ነው እንጂ…»

«ያዩት የዓይንዎን ሞራ ነው» አለ፤ ብሎም አልቀረ፣ ሳቅ ጨመረበት።

አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉት። «ሞራው አምና ተነሥቷል፤ አንተው ነህ ይዘኸኝ የሄድከው። መነጽሩንም የሠራኸው አንተ ነህ።»

ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ ቴሌስኮፑን ማስተካከል ቀጠለ።

ወደ ምሽት ላይ የማኅበሩ የስልክ መልእክት ግር አለ። መጀመሪያ ሬዲዮ ጻፈ፤ ከሰዓት በኋላ አጭር ሞገዱ በሙሉ ድንገት ጸጥ ብሎበት ነበር፣ እንዳለ ሞቶ። ቀጥላ ፋርማሲስቷ መጣች፤ በዓመቱ ከታዩት ሁሉ የበረታ ፍንዳታ ተመዝግቧል፣ ምንጩም ያ መካከል ላይ ያለው ትልቅ ነጥብ ነው። «በዚያ ሰዓት ፀሐይን ሲያይ የነበረ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

መነጽር ሠሪው ሳሎን ወንበር ላይ ስልኩን ይዞ ደርቆ ቀረ። ነጭ ነው፣ ሁለት ነው። ጆሮው ላይ የአማቱ ድምፅ እንደ አዲስ ጮኸ። እሳቸው ከጓዳ በኩል፣ ከሥራ ለተመለሰችው ልጃቸው አንድ ነገር በእጃቸው እያሳዩ ያወራሉ።

«ከእኛ በረንዳ ታይቷል» ብሎ ጻፈ። እውነት ነው፤ ታይቷል። ማን እንዳየው ሌላ ጥያቄ ነው። የጻፋትን እያየ ተቀመጠ። ከዚያ አጠፋትና ሌላ ጻፈ፦ «አየሁት።»

ስልኩ ወዲያው ጠራ። ፋርማሲስቷ ናት፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ጋሽ መነጽር! እውነትህን ነው? በዓይንህ? በበኩሌ ይህ ለአንተ ነው የሚገባው እል ነበር። በቃ፣ ነገ ሁላችንም እንመጣለን። ቦታውን ማየት አለብን!»

እምቢ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን «በደስታ!» ነው።

በማግሥቱ ሰባት ስምንት ሰው ሳሎኑን ሞላው። ሚስቱ ነርስ ናት፤ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ሻይና ብስኩት አቀረበች። አማት ጥግ ላይ፣ እግራቸው በበርጩማ ላይ፣ ጥልፋቸውን ይዘው ተቀመጡ። እሱ ሊያያቸው አልደፈረም። በር ላይ የቆመ እንግዳ ይመስል በገዛ ቤቱ የሚቀመጥበት ጠፋው።

«በል ከመጀመሪያው» አለች ፋርማሲስቷ። እስክሪብቶ አውጥታለች። «ለአገር አቀፉ ማኅበር ነው የምልከው፤ አንድም ነገር እንዳይቀር።»

ጀመረ። ፀሐይዋ እንዴት እንደነበረች፣ ነጥቡ ምን እንደሚመስል፣ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ምላሱም ተፈታ። ከዚያ ወደ ብልጭታው ደረሰ። ያላየውን ነገር ከየት ያምጣው? የአማቱን ቃል እዚያው ፊታቸው መድገም ደግሞ አቃተው። በየመጽሔቱ ያያቸው ፎቶዎች ትዝ አሉት። «በድንገት ቀላ ያለ ነገር…» አለ። «እንደ እሳት ነበልባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ።»

ሬዲዮ ብስኩቱን መሃል መንገድ ላይ አቆመው። «ቀይ? በነጭ ወረቀት ላይ?»

«ቀላ ያለ…»

«እነዚያ ቀያዮቹ እኮ በልዩ ማጣሪያ የተነሡ ናቸው። ደግሞ ግማሽ ሰዓት?»

መሬት ተከፍታ መነጽር ሠሪውን ብትውጠው ምን ነበረበት። ፋርማሲስቷ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ ዓይኗን ፊቱ ላይ ተክላ ቀረች።

ከጥጉ ሳቅ መጣ። «ኧረ ይሄ ልጅ! በእንግዳ ፊት ሲናገር ይደነባበራል፤ ሠርጉም ዕለት እንዲሁ ነበር» አሉ አማቱ፤ ዓይናቸውን ከጥልፉ ሳያነሡ። «ለእኔ ስትነግረኝ ነጭ ነው ያልከው፣ ረሳኸው? ሁለት ፍሬ ሩዝ የመሰለ፣ ከፀሐይዋ የነጣ። ከትልቁ ጥቁር አጠገብ። ሻይ እስኪጠጣ ድረስ እንኳ አልቆየም፣ እየደበዘዘ ጠፋ አልከኝ።»

«እሱ ነዋ!» አለች ፋርማሲስቷ፤ እፎይታዋ ከፊቷ ይነበባል። «እንደዚያ ነው የሚሆነው! ልክ እንደዚያ!»

ሁሉም ሳቀ። ሬዲዮም ሳቀ፤ ቆየት ብሎ። መነጽር ሠሪው ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እንጂ ፊቱ አልተከተለውም። ቀና ሲል ሚስቱ ሰሃን እንደያዘች በር ላይ ቆማለች። እናቷን አየች፣ እሱን አየች፣ ሰሃኑን አስቀምጣ ወጣች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወጥ ቤት ተከትሏት ገባ። ብርጭቆ ታጥባለች።

«እናቴ ትናንት የሩዙን ነገር ስትነግረኝ» አለች ሳትዞር፣ «የዓይንዎ ሞራ ነው አለኝ ብላ ነበር።»

አንድ ብርጭቆ ደጋግማ ስታጥብ እያየ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ወጣ። የአማቱ በር ገርበብ ብሏል። እጁን ለማንኳኳት አነሣ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ፀሐይ ስትፈነዳ የተፋችው ነገር ምድር የሚደርሰው ውሎ አድሮ ነው። በርትቶ ከመጣ አውሮራ የሚሉት የሰሜን ብርሃን ይነሣል፤ ወትሮ ቤቱ ከዋልታ አጠገብ ቢሆንም፣ አንዳንዴ እንደ እነሱ ከዋልታውም ከምድር ወገብም ራቅ ባለ አገር ከአድማስ ጥግ ቀላ ብሎ ይታያል። እሑድ ፋርማሲስቷ ለሁሉም ደወለች፤ ተስፋ አለ፣ ጀምበር እንደ ጠለቀች የውሃ ታንከሩ ያለበት ኮረብታ ላይ እንገናኝ።

መነጽር ሠሪው ቁርጥ አድርጎ ነበር፤ ዛሬ እናገራለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ግን አፋፍ የወጣውንም ሮጦ የሚመልስ አይጠፋም እያለ ራሱን ሲያደፋፍር ዋለ። አማቱን እንሂድ ቢላቸው «በዚህ ዳሌ?» አሉት። ሚስቱ ተረኛ ናት። ብቻውን ወጣ።

ኮረብታው ላይ አባላቱ ቤተሰባቸውን ሁሉ ይዘው መጥተዋል። ፋርማሲስቷ ክንዱን ይዛ ለባሏ፣ ለእህቷ፣ ለማታውቀው ሰው ሳይቀር ታስተዋውቀዋለች። «ያየው እሱ ነው!» አንዷ ሴትዮ እጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው። መነጽር ሠሪው ከዚህ በላይ አልቻለም።

«አንድ ጊዜ ስሙኝ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ጸጥ አሉ። «የምናገረው አለኝ። አርብ ዕለት ያ ብልጭታ… እኔ በእውነቱ…»

«ሰሜን!» ሬዲዮ ከወደ ታንከሩ ጮኸ። «ሰሜን እዩ! ኧረ ወደ ሰሜን!»

ከሩቅ ተራሮቹ ጀርባ ሰማዩ ደም መስሏል። መጀመሪያ የከተማ መብራት መሰላቸው፤ ከዚያ ቅላቱ ወደ ላይ ተሳበ፣ ሰፋ፣ በመሃሉ ፈዘዝ ያሉ ነጫጭ ቋሚዎች ቆሙበት። ሰው ሁሉ ጮኸ። ፋርማሲስቷ የመነጽር ሠሪው አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሌሎቹ ትከሻውን ይመቱታል፣ ያንገላቱታል፣ ያመሰግኑታል፣ ብርሃኑን እሱ ራሱ ያመጣው ይመስል። ያን ጊዜ አለቀሰ። ደስታ መሰላቸውና የበለጠ አቀፉት።

ዕድሜውን ሙሉ በመጽሐፍ ሲያየው የኖረ ነገር ፊቱ ተዘርግቷል፤ እሱ ግን አንገቱ አልቀና አለው። ከሰው ገለል ብሎ ቤት ደወለ።

«እማማ፣ መጣ።»

«ቀይ ነው?»

«ቀይ ነው። ግማሽ ሰማይ ሞልቷል።»

«አሁንስ በገዛ ዓይንህ ነው?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። እንዲያውም የለዘበ ነበር፤ እሱን የገደለው ይኸው ነው። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ብርሃኑ መደብዘዝ ጀምሮ ነበር፤ የጀመረውን ንግግር የሚያስታውስም አልነበረም። ሬዲዮ ብቻ አጠገቡ መጥቶ «ልትል የነበረው ምን ነበር?» አለው። «ነገ» አለ።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነበር። ለብቻዋ አገኛታለሁ ብሎ ነው፤ ግን ሰኞ አይደል፣ ሳል የያዘው ሁሉ መጥቷል። ተራውን ጠብቆ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለ።

«ያን ነገር አላየሁትም» አለ በሹክሹክታ።

«ምን አልከኝ? የዓይን ጠብታ ነው?»

«ብልጭታውን። እኔ አላየሁትም።»

«አልሰማሁህም፣ ጋሽዬ፤ ጮክ በል።»

«ዋሽቻለሁ!» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ። ከኋላው ሳሉ ሁሉ ቆመ። «ያዩት አማቴ ናቸው። እኔ ሳሎን ስልክ ይዤ ነበር። ሲጠሩኝ እንኳ አልወጣሁም።»

ፋርማሲስቷ የያዘችውን የመድኃኒት ፓኬት ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የመጣው ንዴት አይደለም፤ ስለ እሱ ማፈር ነበር፤ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው መለሰች። «ልኬዋለሁ እኮ» አለች በመጨረሻ። «ትናንትና። በስምህ።»

«አስተካክይው። በእሳቸው ስም።»

«እና ያ ሁሉ… ቅዳሜ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው?» ሳትጨርሰው ተወችው። «እሺ። እደውልላቸዋለሁ። ቀጣይ!»

ቀጣይ ያለችው የተሰለፈውን ሰው ነበር፤ እሱን ግን በር ድረስ የገፋችው ያህል ተሰማው። ደጅ ላይ አንድ አሮጊት አልፈውት ሲገቡ «ደግ አደረግህ» አሉት። ይህም አሳፈረው።

ምሳ ሰዓት ቤት ሲደርስ ፋርማሲስቷ ደውላለች። አማቱ በረንዳው ላይ ተኮሳትረው ጠበቁት።

«ማን ተናገር አለህ?»

«ህሊናዬ አልቻለም፣ እማማ። እርስዎ እንዲያ ሸፍነውኝ…»

«ለአንተ ብዬ መሰለህ?» አሉ። «ልጄ ባሏ በሰው ፊት ሲዋረድ ቆማ እንዳታይ ብዬ ነው። አንተማ ዓይን አውጣ ነህ፤ መነጽር ሠሪ መሆንህ እንዳያሳስትህ!»

ቀልድ ነው ብሎ ቀና አለ። ቀልድ አልነበረም።

ሚስቱ ማታ ነገሩን ከእናቷ ሰማች። ራት ስታቀርብ ካለፉት ሁለት ቀናት በተለየ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ማኅበሩ አማቱን ጋበዘ። እሱና ሬዲዮ ከነወንበራቸው ተሸክመው ደረጃውን አወረዷቸው። መሃል ላይ ሬዲዮ ትንፋሹን እየሰበሰበ «ቀይ ስትል ነው የገባኝ» አለው፤ «ኮረብታው ላይ ከአፍህ መቀማቴ ደግሞ እስካሁን ይቆጨኛል።» መድኃኒት ቤቱ ጓዳ እሱ ኋላ፣ ከሳጥኖቹ ጋር ተቀመጠ። አማቱ ከፊት በዱላቸው ተደግፈው ቆመው፣ ድሮ ተማሪዎቻቸው ላይ እንደሚያደርጉት እያፈጠጡ ተናገሩ፤ ያላዩትን አልጨመሩም፣ ያዩትን አልቀነሱም። ሲጠየቁ «አላስተዋልኩም» ማለትን አላፈሩም። ተጨበጨበላቸው። ቀጥሎ ፋርማሲስቷ የወሩን ንድፎች ስታገላብጥ የእሱ ጋ ደረሰች፤ ቀና ብላ «እነዚህን አንተው ነህ አይደል የነደፍካቸው?» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ማጣራት ሥራዋ ነው። «አዎ» አለ። ጆሮው ጋለ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትጠይቀዋለች፤ ጆሮውም በየወሩ ይግላል።

ሲመለሱ ሬዲዮ ቸኩሎ ነበርና አማቱ በእግሬ እሞክራለሁ አሉ። ክንዱን ይዘው አንድ ፎቅ እንደ ወጡ ደከማቸው፤ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎረቤት የሚያጥበው ልብስ ውሃ ቧንቧው ውስጥ ሲንጎዳጎድ ይሰማል።

«እማማ» አለ። ለማኅበሩ ተናግሯል፣ ለፋርማሲው ሰልፈኛ ሁሉ ተናግሯል። ለእሳቸው ግን ይህችን ቃል አልሰጣቸውም ነበር። «ይቅር ይበሉኝ።»

«የቱን?»

«መዋሸቴን። የእርስዎን መውሰዴን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱንስ ውሰደው። ሁለት ፍሬ ሩዝ ነው፣ ምን አደርግበታለሁ?» ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ አየሁ ስልህ ሳቅክ። አንተ ሳታይ አየሁ ስትል ቤት ሙሉ ሰው እስክሪብቶ አወጣ። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የማስበው ይህንኑ ነበር።»

ይቅር ብያለሁ እስኪሉት ጠበቀ፤ አላሉትም። ቧንቧው ጸጥ ሲል «በል አንሣኝ» አሉት። ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እሳቸውም ክብደታቸውን በሙሉ ክንዱ ላይ ጥለው፣ አንድ አንድ እርከን እያሉ ወጡ።